አብረው የማይሄዱ እሴቶች፦ የሶፍትዌር ፍተሻ ዋና ሥራ ወዴት እንደዞረ

የሶፍትዌር ፍተሻ ባለሙያዎች ለረጅም ዘመን የተጨነቁበት ጥያቄ የብዛት ጥያቄ ነበር። አንድ ፕሮግራም የሚቀበላቸው ፓራሜትሮች ብዙ ናቸው፤ እያንዳንዱ ፓራሜትር ብዙ እሴት ይይዛል፤ እሴቶቹ ሲደባለቁ ደግሞ የትኛውም ቡድን ሊጨርሰው የማይችል የሙከራ ክምር ይፈጠራል። ከዚህ ክምር ጥቂቱን ብቻ መርጦ ብዙውን ስህተት ማግኘት የሚቻለው እንዴት ነው? ለዚህ ጥያቄ ዛሬ ጥሩ መልስ አለ። መልሱን የሚሰጡት መሣሪያዎች በነፃ ይገኛሉ፤ ብዙውን ጊዜም ሥራቸውን በሰከንዶች ይጨርሳሉ።

ሥራው ግን አላለቀም፤ ቦታውን ነው የቀየረው። መሣሪያው እሴቶቹን ከመደባለቁ በፊት አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የትኛው እሴት ከየትኛው ጋር አብሮ ሊሆን እንደማይችል መጻፍ አለበት። እነዚህ ገደቦች በብዙ ቡድን ውስጥ እንደ ትርፍ ጽዳት ይታያሉ፤ ዋናው ሥራ ካለቀ በኋላ የሚሰረዙ የማይሆኑ ረድፎች ተደርገው ይቆጠራሉ። እኔ ግን የፍተሻ ንድፍ ጥራት የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። መሣሪያው የተሳሳተ ገደብ ሲሰጠው አያርመውም፤ ይታዘዘዋል። ከሁሉም የከፋው የገደብ ስህተት ደግሞ ውጤቱን ያማረ የሚያስመስለው ነው።

ወደ ኋላ መለስ ብለን እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1985 ሮበርት ማንድል የኤዳ ቋንቋ ኮምፓይለሮችን ለመፈተሽ ከሙከራ ንድፍ ሳይንስ የላቲን ካሬዎችን ተውሶ ሥራ ላይ አዋለ። ሐሳቡ እያንዳንዱ እሴት ከሌላው ፓራሜትር እሴት ሁሉ ጋር ቢያንስ አንድ ጊዜ እንዲገናኝ ማድረግ ነበር፤ ሁሉንም ጥምረት መሞከር ባይቻል ሁሉንም ጥንድ መሞከር ይቻላል። ዛሬ ፔርዋይዝ የምንለው ዘዴ ከዚህ የተወለደ ነው። ዘዴው የሚያዋጣበትን ምክንያት በኋላ በቁጥር ያሳዩት በአሜሪካ ብሔራዊ የስታንዳርድና ቴክኖሎጂ ተቋም፣ በተለምዶ ኒስት በሚባለው፣ የሠሩት ሪቻርድ ኩን እና ባልደረቦቹ ናቸው። በሕክምና መሣሪያዎች የብልሽት መዝገብ ውስጥ ካዩዋቸው ስህተቶች 97 በመቶው አንድ ወይም ሁለት ፓራሜትር ብቻ ሲገናኝ የሚቀሰቀሱ ነበሩ። በናሳ ሶፍትዌር ይህ 93 በመቶ፣ በአንድ የኢንተርኔት ማሰሻ ደግሞ 76 በመቶ ሆነ። ካዩት ሁሉ ከስድስት ፓራሜትር በላይ የሚፈልግ ስህተት አላገኙም። እነዚህ አሃዞች እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ ጥናት ተሰብስበው ቀርበዋል።

የማይክሮሶፍቱ ፒክት የተባለው መሣሪያ ሰነዱ ላይ የሚያቀርበው ምሳሌ የዘዴውን አቅም በደንብ ያሳያል። የዲስክ ክፍል ሲዘጋጅ የሚመረጡ ስድስት ፓራሜትሮች አሉ፦ ሰባት የክፍል ዓይነት፣ ሰባት መጠን፣ ሁለት የአዘገጃጀት መንገድ፣ ሦስት የፋይል ሥርዓት፣ ስምንት የክላስተር መጠን፣ መጭመቂያው በርቷል ወይስ ጠፍቷል። ሁሉም ሲባዛ 4704 ይሆናል። ጥንድ ብቻ ከፈለግን ግን መነሻው ስምንት ሲባዛ በሰባት፣ ማለትም 56 ነው፤ ከዚያ በታች መውረድ አይቻልም፤ ጥሩ መሣሪያ ደግሞ ከዚያ ብዙም አይርቅም። ከ4704 ወደ 60 ገደማ መውረድ ማንንም ያስደንቃል።

ችግሩ እዚሁ ምሳሌ ውስጥ አለ። ፋት የሚባለው የፋይል ሥርዓት ከ4096 ሜጋባይት በላይ የሆነ ክፍል አይችልም። መሣሪያው ግን ይህን አያውቅም። ፋትን ከ5000፣ ከ10000፣ ከ40000 ሜጋባይት ጋር ያጋባል፤ ጥንዶች ናቸውና መሸፈን አለባቸው። ለዚህ ነው የፒክት ቋንቋ «የፋይል ሥርዓቱ ፋት ከሆነ መጠኑ ከ4096 አይበልጥም» የሚል ዓረፍተ ነገር እንዲጻፍ የሚፈቅደው።

ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ የሚመርጠው አቋራጭ አለ፤ መሣሪያው ያወጣውን ዝርዝር ተቀብሎ የማይሆኑትን ረድፎች በእጅ መሰረዝ፤ እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ሙከራ ነው። ቀላል ይመስላል፤ ዘዴውን ግን ከሥሩ ያፈርሰዋል። ዝርዝሩ 60 ረድፍ ገደማ ነው ብለናል፤ የክፍል ዓይነትና የክላስተር መጠን ጥንዶች ብቻቸውን 56 ናቸው። እያንዳንዱ እንዲህ ያለ ጥንድ በዝርዝሩ ውስጥ የሚገኘው አንድ ጊዜ ወይም ከዚያ ትንሽ በለጥ ላለ ጊዜ ነው ማለት ነው። ፋትንና 40000ን ያጋባው ረድፍ ሲሰረዝ በዚያው ረድፍ ላይ ያለው፣ ምንም በደል የሌለበት የሬይድ 5 የክፍል ዓይነትና የ512 ክላስተር መጠን ጥንድ አብሮ ይሰረዛል። ሌላ ረድፍ ላይም የለም። ከ21 የፋይል ሥርዓትና የመጠን ጥንዶች መካከል ፋት በሦስት መጠን፣ ፋት 32 የተባለው ሌላው የፋይል ሥርዓት ደግሞ በአንድ የማይሆኑ አራት ጥንዶች ካሉ፣ ከ60 ረድፍ ወደ 11 የሚጠጋው ይወድቃል፤ ከእነርሱም ጋር ማንም ያላሰባቸው ሕጋዊ ጥንዶች ይወድቃሉ። ገደብ መጻፍ ያለበት ዝርዝሩ ከመውጣቱ በፊት ነው፤ ያን ጊዜ መሣሪያው ሕጋዊዎቹን ጥንዶች በሌላ ረድፍ መልሶ ያስቀምጣቸዋል።

አሁን ለእኛ ቅርብ ወደሆነ ጉዳይ ልሻገር፤ የኢትዮጵያን ቀን የሚቀበል ማንኛውም ሶፍትዌር። የባንክ ፎርም፣ የደመወዝ ፕሮግራም፣ የትምህርት ቤት መዝገብ፣ የሊዝ ውል ማስተዳደሪያ ሁሉም ቀን ይቀበላሉ። ፓራሜትሮቹ ለልጅም ግልጽ ናቸው። ወሩ ከ13 አንዱ ነው። ቀኑ ከ1 እስከ 30 ነው። ዓመቱ ከአራቱ ወንጌላውያን በአንዱ ይጠራል፦ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ። ሦስቱን ስናባዛ 1560 ጥምረት ይወጣል። በአራት ዓመት ዑደት ውስጥ በእውነት ያሉት ቀናት ግን 1461 ናቸው። የቀሩት 99 ጥምረቶች በሁለት አጫጭር ገደቦች ይወገዳሉ፦ ወሩ ጳጉሜን ከሆነ ቀኑ ከ6 አይበልጥም፤ ወሩ ጳጉሜን፣ ቀኑም 6 ከሆነ ዓመቱ ዘመነ ሉቃስ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በቅንነት መነገር አለበት። ቀንን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር የሚቀይር ተግባር ብቻውን ቢሆን ኖሮ ፔርዋይዝ አያስፈልገንም ነበር። 1461 ቀን ለኮምፒውተር የዓይን ጥቅሻ ነው፤ ሁሉንም መፈተሽ ይቻላል፤ መፈተሽም አለበት። ጥምረቱ የሚያብጠው ቀኑ ከሌላው ጋር ሲገናኝ ነው፤ በስልክ መተግበሪያ፣ በማሰሻ ወይስ በዩኤስኤስዲ ኮድ ነው የገባው? ቋንቋው አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ ወይስ እንግሊዝኛ ነው? ሂሳቡ የቁጠባ ነው የብድር? ሪፖርቱ የሚታተመው በየትኛው አቆጣጠር ነው? ያን ጊዜ ሁሉንም መሞከር ይቀርና ጥንድ ወደ መፈለግ እንመለሳለን፤ ገደቦቹም አብረውን ይገባሉ።

የቀን ገደብ መልኩ ቀላል ቢሆንም ውስጡ እንደዚያ አይደለም። የዓመቱ ዓይነት በመጨረሻው ሳምንት ላይ ብቻ የሚሠራ ይመስላል። ይሁን እንጂ ዘመነ ሉቃስ በጳጉሜን 6 ሲያልቅ ቀጥሎ የሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ በሴፕቴምበር 11 ሳይሆን በ12 ይጀምራል፤ ያቺ የአንድ ቀን ሽግሽግም ፌብሩዋሪ 29 እስኪደርስ አብራን ትኖራለች። በዘመነ ዮሐንስ ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 ድረስ ያለው ቀን ሁሉ ከሌላው ዓመት በአንድ ቀን ይገፋል፤ ከየካቲት 22 ጀምሮ እንደገና ይገጥማል። ሽግሽጉን በዘመነ ዮሐንስ እስከ የካቲት መጨረሻ ድረስ የሚጨምር ኮድ የጻፈ ፕሮግራመር መስከረምንም ጥርንም ቢሞክር ትክክል ሆኖ ያገኘዋል። ስህተቱን የሚያጋልጠው የዓመት ዓይነት፣ ወርና ቀን ሦስቱ በአንድ ረድፍ ላይ ሲገናኙ ነው። ጥንድ እዚህ አይበቃም። ፒክት ለተመረጡ ፓራሜትሮች ብቻ የጥምረቱን ደረጃ ወደ ሦስት ማሳደግ ያስችላል፤ ለሌላው ሁለት ይበቃዋል። ይህን መወሰን የሚችለው አቆጣጠሩን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።

በገደቦች ታሪክ ከሁሉም ዋነኛ የሆነው ምዕራፍ የተጻፈው ግን ሰው ሳይጽፋቸው በራሳቸው በሚፈጠሩ ገደቦች ላይ ነው። አንድ ምናባዊ የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት እንውሰድ። የመጀመሪያው ደንብ ከተወሰነ መጠን በላይ የሆነ ዝውውር የጣት አሻራ ይጠይቃል ይላል። ሁለተኛው ደንብ በባለቁልፍ ስልክ በዩኤስኤስዲ የገባ ሰው የጣት አሻራ መስጠት አይችልም ይላል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ሁለቱንም የጻፋቸው የተለያየ ሰው ሊሆን ይችላል። ሲገናኙ ግን ማንም ያልጻፈው ሦስተኛ ደንብ ይወልዳሉ፦ በባለቁልፍ ስልክ ከፍ ያለ ገንዘብ መላክ አይቻልም። የዋህ መሣሪያ «ከፍ ያለ መጠን» እና «ዩኤስኤስዲ» የሚለውን ጥንድ ለመሸፈን ይሞክራል። አሻራ አለ ቢል ሁለተኛውን ደንብ ይጥሳል፤ የለም ቢል የመጀመሪያውን። ወይ ሕገወጥ ረድፍ ያወጣል፣ ወይ መውጫ በሌለው መንገድ ላይ ይዞራል።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ቤልኮር የተባለው ኩባንያ ይሠራበት የነበረው ኤኢቲጂ የተባለው መሣሪያ ገደብን ያውቅ ነበር፤ ከእርሱ በፊትም እ.ኤ.አ. በ1988 ኦስትራንድ እና ባልሰር ባቀረቡት የምድብ ክፍፍል ዘዴ ውስጥ እሴቶች ከባሕርያቸው ጋር ተጽፈው «ይህ ባሕርይ ካለ ብቻ» የሚል ሁኔታ ይታሰርባቸው ነበር። ስውር ገደቦችን በሒሳብ የጨበጠው ሥራ ግን የመጣው እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2008 ባለው ጊዜ ነው። ማይራ ኮኸን፣ ማቲው ድዋየር እና ጂያንግፋን ሺ ረድፍ ገንቢውን ከሎጂክ ፈቺ ፕሮግራም ጋር አጣመሩት። ገንቢው አንድ እሴት ባስቀመጠ ቁጥር ፈቺውን ይጠይቃል፦ ይህ የተጀመረ ረድፍ ምንም ደንብ ሳይጥስ እስከ መጨረሻው ሊሞላ ይችላል? ፈቺው አይችልም ካለ ያ እሴት ይተዋል። ይህን ከሞከሩባቸው ሥርዓቶች አንዱ ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር ነበር፤ በሞዴላቸው 199 አማራጮች ነበሩት፤ 189ኙ ሁለት እሴት፣ 10ሩ ሦስት እሴት ያላቸው፤ ጥምረቱ 62 አሃዝ ያለው ቁጥር ነው። በእነዚህ ላይ የተጻፉት ገደቦች 40 ብቻ ነበሩ። 40 ዓረፍተ ነገር ይህን ሁሉ ጥምረት ቅርጽ ያስይዘዋል ማለት ነው፤ አንዲቱ ብትሳሳት ደግሞ የሚበላሸው በዚያው ልክ ሰፊ ነው። ኒስት ከቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ አርሊንግተን ጋር ያዘጋጀው ኤሲቲኤስ የተባለው መሣሪያም ዛሬ ገደቦችን ተቀብሎ ይሠራል። መሣሪያ አጣሁ የሚል ምክንያት ከእንግዲህ የለም።

ወደ ሞባይል ገንዘቡ ምሳሌ ልመለስ፤ ያ ስውር ደንብ መሣሪያውን ከመቸገር የሚያድን ቴክኒካዊ ዝርዝር ብቻ ሆኖ መታየት የለበትም። ባለቁልፍ ስልክ ብቻ ያለው የገጠር ነጋዴ ከፍ ያለ ክፍያ በጭራሽ መፈጸም እንደማይችል የሚገልጽ ዜና ነው። የአገልግሎቱ ባለቤቶች ይህን አስበውበት ነበር? ምናልባት አዎ፤ ምናልባት አይደለም። ፈታሹ ሁለቱን ደንቦች ጎን ለጎን ስላስቀመጠ ብቻ ማንም ያልጠየቀው ጥያቄ ጠረጴዛ ላይ ወጣ። ገደብ መጻፍ በፍተሻ ሥራ ውስጥ ካሉት ተግባሮች ሁሉ የላቀ ክብር ይገባዋል የምለው በዚህ ምክንያት ነው። አንዲት የኮድ መስመር ሳትሮጥ የንድፍ ጉድለት ያወጣል።

አሁን ወደ አደገኛው ክፍል ደረስን። ገደብ በሁለት መንገድ ይሳሳታል፤ ሁለቱ ስህተቶች እኩል አይደሉም። የጎደለ ገደብ የማይሆን ቴስት ኬዝ፣ ማለትም የማይሆን የሙከራ ረድፍ፣ ይፈጥራል። ፈታሹ ጳጉሜን 30ን ሊያስገባ ሲሞክር አይሆንም፤ ይናደዳል፤ ተመልሶ ገደቡን ይጽፋል። ጊዜ ባክኗል፤ ጉዳዩ ግን ታይቷል፤ ታርሟል። ትርፍ ገደብ፣ ማለትም የሚቻለውን ነገር አይቻልም ብሎ የሚከለክል ደንብ፣ ፍጹም ሌላ ነው። የከለከላቸው ጥንዶች ከሚሸፈኑት ዝርዝር ውስጥ አስቀድመው ስለወጡ ሪፖርቱ አሁንም መቶ በመቶ ተሸፍኗል ይላል። ቁጥሩ ሐሰት አልተናገረም። እንዲቆጥር የተነገረውን ቆጥሯል።

ገናን እንመልከት። አንድ ቡድን የበዓል ቀን ክፍያን የሚያሰላ የደመወዝ ፕሮግራም ሲፈትሽ «በዓሉ ገና ከሆነ ቀኑ ታኅሣሥ 29 ነው» የሚል ገደብ ቢጽፍ ማን ይቃወመዋል? ብዙው ሰው እንዲያ ነው የሚያውቀው። ነገር ግን በዘመነ ዮሐንስ ገና የሚከበረው ታኅሣሥ 28 ነው፤ በ2012 እና በ2016 ዓ.ም. እንዲሁ ሆኗል። በፈረንጁ አቆጣጠር ቀኑ ጃንዋሪ 7 ሆኖ ይቆያል፤ የሚንቀሳቀሰው የእኛ ቁጥር ነው። ጥምቀት ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ጥር 11 ከቦታው ሳይነቃነቅ በፈረንጁ በኩል ከጃንዋሪ 19 ወደ 20 ይሄዳል። ያን ገደብ የጻፈው ቡድን መሣሪያው ታኅሣሥ 28ን ከገና ጋር በአንድ ረድፍ ላይ እንዳያስቀምጥ ከልክሎታል። ፕሮግራመሩም ያንኑ ስህተት በኮዱ ውስጥ ጽፎት ከሆነ፣ ሁለቱም የሚያውቁት አንድ ነገር ነውና ሊሆን የሚችል ነው፣ ስህተቱን ሊያጋልጥ ይችል የነበረው ብቸኛ ሙከራ በፈታሹ እጅ ተሰርዟል። ውጤቱ በበዓል ቀን የሠራ ሰው የሚገባውን ክፍያ ማጣቱ ነው። ገደቡ የተጻፈው ደግሞ ፍተሻውን ለማሻሻል ነበር።

ስለዚህ ፈታሽ ገደብ ሲጽፍ ከፕሮግራመሩ ጋር አንድ ዓይነት ግምት የመጋራት አደጋ አለበት። ኮዱን አንብቦ ገደብ የሚያወጣ ፈታሽ የኮዱን ስህተት ወደ ገደብ ይለውጠዋል። ገደብ መምጣት ያለበት ከኮዱ ውጭ ካለው ዓለም ነው፤ ከአዋጁ፣ ከባሕረ ሐሳቡ፣ ከሂሳብ ክፍሉ ደንብ። ለቀን ጉዳይ አንድ የቤተ ክርስቲያን መሪጌታ ከአምስት ፕሮግራመሮች የበለጠ የሚያውቀው ነገር አለ፤ ጠይቁት።

ሌላው ብዙ ቡድን የሚሰናከልበት ነገር የማይቻለውን ከማይፈቀደው አለመለየት ነው። ጳጉሜን 6 በዘመነ ማርቆስ የለም። ግን ተጠቃሚ ሊጽፈው ይችላል? መልሱ በመግቢያው መንገድ ይወሰናል። በስልኩ መተግበሪያ ላይ ቀኑ ከዝርዝር የሚመረጥ ከሆነና ዝርዝሩ በትክክል የሚያጥር ከሆነ ጥምረቱ በእውነት አይቻልም፤ ገደብ ነው። በዩኤስኤስዲ ቁጥር የሚጻፍ ከሆነ ግን የተጠቃሚው ጣት ማንንም አይፈራም፤ ያው ጥምረት መፈተሽ ያለበት መጥፎ ግቤት ይሆናል። ከቅርንጫፍ በኤክሴል ፋይል በጅምላ የሚጫን መረጃ ከሆነማ ሊገባ የማይችል ነገር የለም። የገደቡ እውነትነት ራሱ በሌላ ፓራሜትር ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው። ይህን ሳይለይ ለሁሉም መንገድ አንድ ገደብ የጻፈ ቡድን ሥርዓቱ በእውነተኛው ዓለም በየቀኑ የሚገጥመውን መጥፎ ግቤት ራሱ ከፍተሻው አውጥቶ ጥሎታል።

መጥፎ ግቤቶችን ከደኅናዎቹ ጋር በአንድ ዝርዝር መደባለቅም አይበጅም። አንድ ረድፍ ላይ የተሳሳተ ቀንም የተሳሳተ የሂሳብ ቁጥርም ካለ ፕሮግራሙ የመጀመሪያውን አይቶ ይመልሰዋል፤ ሁለተኛው መፈተሹን ማንም አያውቅም። አንዱ ስህተት ሌላውን ይሸፍነዋል። ፒክት ከመጥፎ እሴት ፊት ~ የሚል ምልክት እንዲቀመጥ የሚያደርገው ለዚህ ነው፤ ምልክቱ ያለባቸው እሴቶች በአንድ ረድፍ ላይ ሁለት ሆነው አይመጡም። ለገደብም ያው ነው፤ ደኅናው ዝርዝር ገደቦቹን ሁሉ ያክብር፤ መጥፎው ዝርዝር በእያንዳንዱ ረድፍ አንዱን ገደብ ብቻ እያወቀ ይጣስ። እንዲህ ሲሆን ቀድሞ የተጻፈው የገደብ ዝርዝር በነፃ ሁለተኛ ጥቅም ይሰጣል፤ እያንዳንዱ ገደብ ራሱ አንድ የመጥፎ ግቤት ፍተሻ ነው።

ስለ «ከሆነ» አጻጻፍ አጭር ቃል። «ሀ ከሆነ ለ ነው» የሚለው ደንብ የሚከለክለው ሀ ሆኖ ለ ያልሆነውን ብቻ ነው። ጳጉሜን 6 ከሆነ ዘመነ ሉቃስ ነው ማለት ዘመነ ሉቃስ ከሆነ ጳጉሜን 6 ነው ማለት አይደለም። በወረቀት ላይ ግልጽ ነው፤ 30 ገደብ በተደረደረበት ፋይል ውስጥ ግን የተገለበጠ ደንብ በቀላሉ ያልፋል፤ ከተገለበጠ ደግሞ ዓመቱን በሙሉ ከአንዲት ቀን በቀር ጠርጎ ያወጣዋል።

ገደብ ዕድሜ አለው፤ ይህም ተገቢውን ትኩረት ያላገኘ ነገር ነው። ከላይ የተናገርኩት የዘመነ ዮሐንስ የአንድ ቀን ሽግሽግ የሚሠራው የፈረንጁ 2100 እስኪደርስ ነው። ያ ዓመት በግሪጎርያን አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 29 የለውም፤ ከዚያ በኋላ እንቁጣጣሽ ራሱ ከሴፕቴምበር 11 ወደ 12 ይሻገራል። ሩቅ ነው የሚል ይኖራል። ነገር ግን የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ለመኖሪያ ቤት የ99 ዓመት የሊዝ ዘመን ደንግጎ ነበር። በ2016 ዓ.ም. የተፈረመ የ99 ዓመት ውል የሚያልቀው በ2115 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጁ 2100 ካለፈ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ። የውሉን ማብቂያ ቀን የሚያሰላው ሶፍትዌር ያን ቀን ዛሬ ነው የሚያትመው። «ዓመቱ ዮሐንስ ካልሆነ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ነው» የሚል ገደብ የያዘ የፍተሻ ሞዴል በዚህ ውል ላይ ተሳስቷል፤ እስከ 2100 ብቻ እውነት መሆኑ ከጎኑ ካልተጻፈ ደግሞ የሚያውቀው አይኖርም።

ቀናቸውን ወደ ሌላ አገር መዝገብ ለሚያሻግሩ ሰዎችም ነገሩ ቅርብ ነው። በአንዱ ሰነድ ላይ ጃንዋሪ 19፣ በሌላው ላይ ጃንዋሪ 20 ተብሎ የተተረጎመ የጥር 11 ልደት በዋሽንግተንም በቴል አቪቭም ባለ ቢሮ ፊት ሁለት ሰው ያስመስላል። የሰባትና የስምንት ዓመቱ ልዩነትም በወሩ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ከመስከረም እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት። ይህም በሁለት እሴቶች መካከል ያለ ግንኙነት ነው፤ ተጽፎ ሊፈተሽ ይችላል።

ሶፍትዌር ለምትመሩ፣ ለምትገዙ፣ ለምትረከቡም ሁሉ የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። ስንት ቴስት ኬዝ ተሠራ ብላችሁ በመጠየቅ ብቻ አትርኩ፤ ያን ቁጥር ማሽን ይሠራዋል። የገደቦቹን ዝርዝር አምጡ በሉ። ከእያንዳንዱ ገደብ ጎን ምክንያቱ፣ ማን እንደነገረው፣ በየትኛው የመግቢያ መንገድ ላይ እንደሚሠራ፣ እስከ መቼ እንደሚጸና ተጽፎ ይሁን። ዝርዝሩን ከፕሮግራመሩም ከፈታሹም ውጭ የሆነ፣ ጉዳዩን በኑሮው የሚያውቀው ሰው፣ የሂሳብ ሠራተኛው፣ ገንዘብ ተቀባይዋ፣ የመዝገብ ቤቱ ሹም፣ መሪጌታው፣ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር «ይህ በእርግጥ አይሆንም?» እያለ ያንብበው። 2019 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስ ነው፤ ጳጉሜን 6 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2027 ላይ ይውላል፤ ከእርሱ በኋላ በሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ ገና ታኅሣሥ 28 ይከበራል። የሥርዓታችሁ ገደቦች እነዚህን ሁለት ቀናት የሚያውቁ መሆናቸውን ከዚያ በፊት አረጋግጡ።